ከምንጩ ዓይን በላይ

“ማናሳ፣ የምንጩ ግንብ እዚህ ላይ ይብቃው በላት” አለ ኤሮኒ፣ ጀርባውን ለእህቱ እንደሰጠ፣ በግንበኛ ማንኪያው እጀታ የድንጋዩን ጫፍ እየቆረቆረ።

እህቱ ኡናይሲ የጠጠር ባልዲዋን እንደያዘች ከበስተኋላው አራት እርምጃ ርቃ ቆማለች። ያለውን አንድም ሳይቀር ሰምታዋለች። ቢሆንም ዓይኗን ወደ ባሏ አዙራ ጠበቀች።

“እዚህ ላይ ይብቃው ይልሻል” አለ ማናሳ። በሁለቱ መካከል በተገለበጠ ባልዲ ላይ፣ በፋሻ የተጠቀለለ እግሩን ዘርግቶ እንደ ዳኛ ተቀምጧል።

“አይበቃውም። አንድ ክንድ ይጨመርበት በለው። ያለዚያ ውሃው ወጥ ቤቴ ድረስ አይመጣም።”

“አንድ ክንድ ጨምር ትልሃለች።”

ኤሮኒ ማንኪያውን አስቀመጠ። ወደ እህቱ አልዞረም፤ ማናሳን ብቻ ረዘም አድርጎ አየው። ማናሳ በአንድ ዓይኑ ጠቀሰውና ሳቀ። ኤሮኒ አልሳቀም። ትንሽ አሰበና ጎንበስ ብሎ ጠፍጣፋ ድንጋይ አነሳ፤ ሲሚንቶ ቀብቶ ከግንቡ ላይ ጫነው። እህት ከጠየቀች ወንድም እምቢ አይልም። በእነዚህ ኮረብቶች ይህ ሕግ ከቤተ ክርስቲያኑም የቆየ ነው።

ሁለቱ ፊት ለፊት ከተነጋገሩ አርባ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ተጣልተው እንዳይመስላችሁ፤ በአገሩ ባህል እህትና ወንድም ካደጉ በኋላ ፊት ለፊት አይነጋገሩም። እሷ አሥር፣ እሱ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላቸው እናታቸው “ከእንግዲህ አድጋችኋል” አለቻቸው፤ በዚያው አፋቸውን ዘጉ። የዛሬ ልጆች ከእህቶቻቸው ጋር በስልክ ሲንጫጩ ይውላሉ። እነዚህ ሁለቱ ግን የድሮ ሰው ናቸው። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? የእነሱም ዝምታ አልነቀዘም። ኤሮኒ ዓሣ ሲቀናው ትልቁ ዓሣ በእህቱ ደጃፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል። ኡናይሲ ጎደሬ ስትቀቅል ለስላሳው ለእሱ ተለይቶ በማናሳ እጅ ይላካል። በማዕበሉ ዓመት ጎርፍ ቤቷን ሲወስድባት፣ ዶፉ ሳያባራ ቤተ ክርስቲያኑ በረንዳ ድረስ ሮጦ መጥቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ “ማናሳ፣ ተርፋለች ወይ?” ብሎ የጠየቀው እሱ ነው። እሷ ማናሳ አጠገብ ቆማ እየተንቀጠቀጠች ነበር። “ተርፋለች” አለ ማናሳ። ያኔ ኤሮኒ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ።

ከዚያ ጎርፍ በኋላ ኡናይሲ ቁልቁል ላትኖር ማለች። ከአባቷ ጎሳ መሬት ላይ፣ ከመንደሩ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ ባሕሩ ከሩቅ የሚታይበት ጉብታ መርጣ የቆርቆሮ ቤት አቆመች። ጎደሬው አማረ፣ ዶሮው ረባ፣ ሥሩ ለመጠጥና ለእጅ መንሻ የሚሆነው፣ ለሽያጭ የተተከለው ያንጎናም ሥር ሰደደ። ጉብታው ውሃ ብቻ ነፈጋት። ከብት ከሚያደፈርሰው ወንዝ በሃያ ሊትር ጀሪካን በቀን ሦስት ጊዜ ትሸከማለች። ጉልበቷ ደግሞ የሃምሳ አራት ዓመት ሴት ጉልበት ነው፤ አቀበቱ ላይ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል።

መሸከሙንስ ትችለው ነበር። ባለፈው ወር ግን የማናሳ ስኳር በሽታ ሁለት የእግር ጣቶቹን አስቆረጠው። “ቁስሉ በቀን ሁለቴ በንጹህ ውሃ ካልታጠበ እግሩም ይከተላል” አለች የጤና ጣቢያዋ ነርስ። ዋና ከተማው ሱቫ ያለችው ልጃቸው ሊትያ ይህን ስትሰማ በስልክ ቁርጡን ነገረቻት፦ “እማዬ፣ እስከ ቅዳሜ ንጹህ ውሃ ካልገባላችሁ አባዬ በቅዳሜው መርከብ ይመጣል። ትኬቱን ቆርጫለሁ።”

ማናሳ በሊትያ ባለሁለት ክፍል ቤት፣ መስኮት ሥር ተቀምጦ መኪና ሲቆጥር ታያት። እግሩ ቢድን እንኳ ልቡ እዚያ እንደሚደርቅ ታውቃለች። አብራው እንዳትሄድ፣ ማሳውን የዱር አሳማ በሳምንት ይጨርሰዋል። ሰላሳ ዓመት ያሳቃትን ሰው በመርከብ ሸኝታ ከዶሮ ጋር ልታወራ ነው? ስለዚህ ለወንድሟ ላከችበት። ኤሮኒ ሃያ ዓመት በየመንደሩ ምንጭ ሲያጎለብት፣ ቧንቧ ሲዘረጋ የኖረ ሰው ነው። መልእክቱ በደረሰው ማግስት፣ ሰኞ፣ በፈረሱ ሁለት ከረጢት ሲሚንቶና አንድ ጥቅል የውሃ ጎማ ጭኖ ከተፍ አለ።

ለጎሳው ሽማግሌ ያንጎናው ቀረበ፣ ጸሎት ተደረገ፣ ቁፋሮ ተጀመረ። ቦታው አሳማ የሚንከባለልበት ረግረግ ነበር። ኤሮኒ ጭቃውን በአካፋ እየዛቀ፣ ውሃውን እየተከተለ ወደ ኮረብታው ሆድ ገባ። ቀይ አፈር፣ ከዚያ ሰማያዊ ሸክላ፣ ከዚያ አለት መጣ። በአለቱ ላይ ሁለት ጣት የማታስገባ ስንጥቅ አለች፤ ከእሷ ጥርት ያለ ውሃ ይፈልቃል። ኤሮኒ በእፍኙ ቀድቶ ተጉመጠመጠና ተፋ። እንደገና ቀዳና ዋጠው።

“ማናሳ፣ የምንጩ ዓይን ተገኝቷል። መጥታ ትየው” አለና እስከ ጫካው ጠርዝ ራቅ ብሎ ሄደ፣ እህቱ በነጻነት እንድትቀርብ።

ኡናይሲ በማይታጠፈው ጉልበቷ ተንበርክካ ፊቷን ታጠበች። ውሃው ጥርስ ያማል። አንገቷን ሳትጠርግ ቀና ብላ የወንድሟን ጀርባ ከሩቅ አየችው፤ ሸሚዙ እስከ ወገቡ ጭቃ ነው። እንዲህ የሚወዳት ሰው እንዳላት እያወቀች አንድ ቀን እንኳ በአፏ አመስግናው አታውቅም።

ከዚያ ጎማውን ውሃ ሞልተው ከምንጩ እስከ ቤቷ ከፍታውን ለኩ። የወጥ ቤቷ ቧንቧ የሚቀመጥበት ቦታ ከምንጩ ዓይን በጣት ያህል ከፍ ብሎ ተገኘ። ኡናይሲ አላመነችም፤ ጎማው ነው የተሳሳተው አለች። ደግመው ለኩ፤ ያው ነው። ማክሰኞ ያስጨመረችው ክንድ የመጣው ከዚህ ነበር። ለቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ሁሉ “ውሃ ወጥ ቤቴ ሊገባ ነው” ብላለቻ! የግንቡ ውሃ ከፍ ካለ ቧንቧዋም ውሃ ያገኛል፤ ልጅ እንኳ የሚያውቀው ሒሳብ ነው ብላ ነበር።

ግንቡ ሲያልቅ ወንዶቹ ጥላ ሥር አረፉ። ማናሳና ኤሮኒ ታቫሌ ናቸው፣ የእህት ባልና የሚስት ወንድም። ታቫሌ ካልተሰዳደበ ሰላም የተባባለ አይመስለውም።

“ሐኪሙ ጣትህን ሲቆርጥ ምላስህን ለምን ተወው?” አለ ኤሮኒ።

“ምላሴን ቢቆርጠው አንተና እህትህ በምን ትነጋገራላችሁ?”

“አንተ ምን አለብህ፣ በሚስትህ መሬት ተንጋለህ ውሃ እንኳ በዋርሳህ ጉልበት የምትጠጣ!”

“መሬቱንም፣ ሚስቲቱንም፣ ዋርሳውንም መርጬ ነው ያገባሁት። ዋርሳው ላይ ብቻ ተሸወድኩ።”

ኡናይሲ ካሳቫውን እየላጠች ለብቻዋ ሳቀች።

ሲሚንቶው እስኪጠብቅ እሮብና ሐሙስ አለፉ። ኤሮኒ ከላይ የዝናብ ውሃ ማስቀየሻ ቦይ ቆፈረ፣ ዙሪያውን አጠረ። አርብ ጠዋት ክዳኑን ገጠመ። ሦስት ሰዓት ላይ የወጥ ቤቱ ቧንቧ አቃሰተ፣ ሳለ፣ ቀይ ጭቃ ተፋ። ከዚያ ውሃ መጣ።

ኡናይሲ ማንቆርቆሪያዋን ደቀነች፤ ሞልቶ ሲፈስም አላነሳችውም። ማናሳ እግሩን ሳፋ ውስጥ ከትቶ መዝሙር ጀመረ፤ ዜማውን እንባ እየቆረጠበት። ሊትያ ተደወለላት፤ ኡናይሲ ስልኩን ቧንቧው አፍ ላይ ደግና “ስሚ! ስሚ እንጂ!” አለች።

“እማዬ፣ ሬዲዮ ነው እንዴ?” አለች ሊትያ።

“የምን ሬዲዮ! ውሃዬ ነው!”

ኤሮኒ ውጭ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ተቀምጧል። “ማናሳ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ በለው” አለች ኡናይሲ በመስኮቱ፣ እሱ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ።

“እግዚአብሔር ይስጥህ ትልሃለች።”

“ገና ነው በላት” አለ ኤሮኒ።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ውሃው ቀጠነ። ከአውራ ጣት ወደ ትንሿ ጣት፣ ከዚያ ወደ ክር። ስድስት ሰዓት ላይ ጠብ፣ ጠብ አለና ቀጥ አለ።

ሁሉም ወደ ምንጩ ሮጡ፣ ማናሳ በምርኩዙ እያነከሰ። ኤሮኒ ክዳኑን አነሳ። ውሃው ከቧንቧው አፍ በታች ወርዷል፤ አሁንም እየወረደ ነው። ኤሮኒ ቁልቁል ሄደ። ሰላሳ እርምጃ ወርዶ፣ በያንጎናው ተክል መካከል፣ ትናንት ደረቅ የነበረ መሬት ላይ ጫማው ጭልቅ አለ። ምንጩ ሌላ ቀዳዳ አግኝቶ ሾልኳል።

ኡናይሲ መሬት ላይ ዝርግፍ ብላ ተቀመጠች። “ምን በደልን? ያንጎናው አልቀረበም? ጸሎቱ አልተደረገም? ነገ ቅዳሜ ነው እኮ! ነገ ይወስዱብኛል እኮ!”

ማናሳ ኮፍያውን አወለቀ። እሱ ኮፍያውን የሚያወልቀው ለጸሎትና ለቀብር ብቻ ነው።

“ኡናይሲ… ነግሮኝ ነበር” አለ።

“ማን?”

“ወንድምሽ። ሰኞ ለት፣ ከለካን በኋላ፣ አንቺ ምግብ ልታመጪ ስትሄጂ። ‘ውሃ ከዓይኑ በላይ አይወጣም፤ ካስገደዱት ይኮበልላል፤ ንገራት’ አለኝ።”

“አንተስ ምን አልከው?”

“‘እንደ መጀመሪያዋ እጮኛህ?’ አልኩት። ሳቅኩ።”

“ሳቅክ!”

“ታቫሌ አይደለም እንዴ? ሰላሳ ዓመት እውነት ነግሮኝ ያውቃል? ከሆስፒታል ስወጣ ‘ጣቶችህን ውሻ ሲያኝካቸው አየሁ’ ያለኝ ማን ሆነና! ከዚህ ሁሉ የቱን ልመን? ውሃ ይኮበልላል ሲለኝ ቀልድ ነው የመሰለኝ።”

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ከያንጎናው መካከል የኤሮኒ ድምፅ መጣ፤ የጎረነነ፣ ቀልድ የሌለበት። “ታቫሌ፣ እኔ የነገርካት መስሎኝ። ሰምታም ጨምር ካለች እሷ ያለችው ይሁን ብዬ ነው። ላሜን ሸጬ ፓምፕ እገዛላታለሁ በላት።”

“ግንቡ ቢፈርስ ውሃው አይመለስም ወይ በለው” አለች ኡናይሲ።

ማናሳ አደረሰ።

“ከዓይኑ ልክ ዝቅ ካለ፣ ምናልባት ይመለሳል። ግን ወጥ ቤት አይደርስም፤ ከቤቷ በታች እስካለው ማንጎ ዛፍ ብቻ ነው የሚሄደው። ደግሞም እሷ ያስጨመረችውን እኔ አላፈርስም። እጄም አይታዘዘኝም።”

ኡናይሲ ማናሳ ላይ ልትጮህ አፏን ከፍታ ነበር፤ ዘጋችው። ማናሳ ላይ አልነበረም ንዴቷ። ወንድሟ ያውቅ ነበር። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲደረድር፣ ሲሚንቶ ሲቀባ፣ ይህ እንደሚሆን እያወቀ ነበር። እሷ “ጨምር” ስላለች ብቻ። በሕይወቷ ከዚህ ሰው አንድም ጊዜ እምቢታ ሰምታ አታውቅም፤ ይህንንም ሁልጊዜ እንደ ክብር ቆጥራ በየሰዉ ቤት ስትኩራራበት ኖራለች። አሁን ባሏን ሊያሳጣት ነው።

ተነሳች። መዶሻው ከግንቡ ሥር ወድቋል፤ አነሳችውና ራሷ ያስጨመረችውን ክንድ መምታት ጀመረች።

“ቀስ በይ ሴትዮ፣ እጅሽን!” አለ ማናሳ።

“ዝም በል! ዝም ያልክ ቀን ዝም ማለትህ ጎድቶኛል፤ ዛሬ ይጠቅመኛል!”

ሲሚንቶው ገና ለጋ ነውና ተፈረካከሰ። የመጀመሪያው ድንጋይ ወደቀ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። መዳፏ ተላጠ። ማክሰኞ ኤሮኒ በማንኪያው እጀታ የቆረቆረው ድንጋይ ላይ ስትደርስ ቆመች። ማናሳን አላየችም። ቁልቁል፣ ወደ ያንጎናው አየች።

“ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ነበር?”

ማናሳ ሊያደርስ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ የሚያደርሰው እንደሌለ ገባውና ዘጋው። ኤሮኒ ጀርባውን እንደሰጠ ቆሟል። ትከሻው ብቻ ከፍ ዝቅ ይላል። በመጨረሻ ቀኝ እጁን ከጎኑ ራቅ አድርጎ ዘረጋና ሁለት ጣቶቹን ወደ መሬት ጠቆመ። ሁለት ጣት ዝቅ። ኡናይሲ ሁለት ጣት ዝቅ አደረገችው። ከዚያ ኤሮኒ መጣ፤ እሷ አራት እርምጃ ራቀች፤ እሱ ጎማውን ቆርጦ ወደ ማንጎው ዛፍ አዞረው፤ እሷ ሸክላ አቀበለች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ስንጥቋ ሥር አንዲት አረፋ ወጣችና ፈነዳች። ሌላ ተከተላት። ሦስቱም ቁጢጥ ብለው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ እንደ አራስ ልጅ ያዩዋት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት የያንጎናው ጭቃ ጠፍፏል፤ ከማንጎው ሥር ደግሞ አውራ ጣት የሚያህል ውሃ ያለማቋረጥ ይወርዳል። ስልኩ ጮኸ።

“አባዬ ወደ ወደብ ወጣ?” አለች ሊትያ።

“ትኬቱን መልሺው። አባትሽ እግሩን በንጹህ ውሃ እየታጠበ ነው።”

“ትናንት ቆሟል አላልሽኝም? ወጥ ቤት ገባ?”

“ወጥ ቤቱ ነው ወደ ውሃው የሚወርደው” አለች ኡናይሲ። ስልኩን ዘግታ ከጉብታዋ ቁልቁል አየች። ማንጎው ከቤቷ ሰላሳ እርምጃ ነው፤ ያን ያህል ቁልቁል አይደለም። መሐላዋ ትንሽ ቆንጠጥ አደረጋት፤ ቻለችው።

ኤሮኒ አራት ችካል ጠርቦ ከማንጎው አጠገብ ለአዲሱ ወጥ ቤት ማዕዘን ተከለ። አምስተኛው፣ የበሩ፣ በእጁ ቀረ።

“ማናሳ፣ በሩ በየት በኩል ይሁን በላት።”

ማናሳ ሳፋው ውስጥ የቀሩትን ጣቶቹን አንቀሳቀሰ። “እኔ ዛሬ ሥራ ለቅቄያለሁ። ለእኔ ደመወዝ የሚከፍለኝ የለም፤ ጥፋት ሲመጣ ግን ሁሉም ወደ እኔ ነው።”

ኡናይሲ ባሏን ትታ ወደ ወንድሟ ዞረች።

“በባሕሩ በኩል ነው የምፈልገው” አለች ኡናይሲ ለወንድሟ ጀርባ።

ኤሮኒ ወዲያው ጎንበስ ብሎ ችካሉን በባሕሩ በኩል አቆመ።

“ቆይ” አለች። “አንተ ብትሆን የት ታደርገው ነበር?”

ኤሮኒ እንዳጎነበሰ ቀረ። ልጓሙ እንደተያዘ ፈረስ አንገቱ ተገተረ። በቀጥታ አናግሯት የማያውቀውን ሰው ስታስጨንቅ አዘነችለት፤ ቢሆንም አልተወችውም።

“ወንድሜ፣ አንድ ጊዜ እምቢ በለኝ።”

ችካሉን ነቀለው። ላቡ ከአገጩ ተንጠባጠበ።

“አይሆንም” አለ። ድምፁ ለማናሳ ከሚያወጣው ድምፅ የቀጠነ፣ የልጅነት ድምፁን የሚመስል ነበር። “በባሕሩ በኩል አይሆንም። ማዕበል ሲመጣ ነፋሱ በበሩ ገብቶ ጣሪያሽን ይነቅለዋል። በኮረብታው በኩል ነው መሆን ያለበት።”

ችካሉን መሬት ላይ አጋደመላትና አራት እርምጃ ራቀ። ኡናይሲ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። ችካሉን አነሳች፣ መዶሻውንም አነሳች፤ በኮረብታው በኩል፣ እሱ በነገራት ቦታ ላይ ተከለችው።